ሰንጠረዥ፦ ስሙ ቀርቶ ጨዋታው የጠፋ
(በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ላለማሳለፍ እሞክራለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሰንጠረዥ ነው። ይህን ስል ግማሻችሁ ኤክሴል መጣባችሁ አይደል? ልክ ናችሁ። በዛሬው አማርኛ ሰንጠረዥ ማለት በቁመትና በአግድም መስመር ተከፋፍሎ ቁጥር የሚሞላበት ነገር ነው። ቃሉ ግን መጀመሪያ የጨዋታ ስም ነበር፤ ያውም የጦርነት ጨዋታ። ሕንዶች ቻቱራንጋ ይሉት ነበር፣ አራት ክንድ እንደ ማለት ነው፤ የጦሩ አራት ክንዶች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ፋርሶችና ዐረቦች ጋ ሲደርስ ሻትራንጅ ሆነ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዥ። 64 ቤት ያለው ሰሌዳ ስሙን መስመር ላለው ነገር ሁሉ አወረሰና ራሱ ከሰው ቤት ወጣ።

ለምን በዚህች ከተማ፣ ለምን አሁን? ቤር ሸቫ የሻህማት ከተማ ናት። ኤሊያሁ ሌቫንት የሚባል ከሌኒንግራድ የመጣ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 እዚህ የሻህማት ክበብ አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ተጫዋቾች ተጨመሩበት፤ በ2005 የዓለም የቡድን ሻምፒዮና እዚሁ በቤር ሸቫ ተካሄደ፣ ሩሲያም አሸነፈች። በነዋሪ ብዛት ሲካፈል ይህን ያህል ግራንድ ማስተር ያላት ከተማ በዓለም የለችም ተብሎ በጋዜጣ ሲጻፍላት ኖሯል። ከልጆቻችንም እዚያ የሚማሩ አሉ። ታዲያ ሻህማት የሩሲያውያን ነገር ነው፣ እኛ ከነሱ እየተማርን ነው የሚል ስሜት አለ። ከሩሲያውያኑ መማራችን እውነት ነው፣ አስተማሪዎቹም ጎበዞች ናቸው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

መናፈሻ ውስጥ የሚጫወቱትን የሩሲያ ሽማግሌዎች ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ማልካ የምንላትን፣ ንግሥቷን፣ ምን ብለው ነው የሚጠሯት? ፌርዝ። በሰንጠረዥ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው አማካሪ ስሙ ማን ነው? ፈርዝ! ሁለቱም ቃላት ከፋርስ የመጡ ናቸው። በዕብራይስጥ ራጽ የምንለውን ደግሞ ሩሲያዊው ስሎን ይለዋል፣ ዝሆን ማለት ነው። ከከተማው ገበያ ወጣ ብላችሁ ዐረብኛ ተናጋሪውን ብትጠይቁት ፊል ይላችኋል፣ እሱም ዝሆን ነው። በሰንጠረዥም ፊል ነው የሚባለው። እንግዲህ አንድ ጎንደሬ፣ አንድ ሩሲያዊና አንድ የኔጌቭ ዐረብ አንድ ሰሌዳ ላይ ቢቀመጡ የሚግባቡበት ቃል አላቸው። በዕብራይስጥ ግን ዝሆኑ ሯጭ ሆኗል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ እንጨት አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ነው፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቁመትና በአግድም የተሰፋበት። ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፣ ሁሉም ቤት አንድ ቀለም ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር፣ ስምንት መደቅ። ደሩና ፈረሱ ልክ እንደዛሬው ነው የሚሄዱት። ፈርዝ ግን ምስኪን ነው፤ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ። ፊል በማዕዘን ሁለተኛው ቤት ላይ ይዘላል፣ መሀል ያለው አያግደውም። ይህ ማለት አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ከ64ቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። ወረቀት ላይ አስልቼ አየሁት፤ የአራቱም ፊሎች ስምንት ስምንት ቤት የተለያየ ነው፣ ስለዚህ ፊል ፊልን መቼም ሊበላው አይችልም። እኔ ይህን በጣም ነው የወደድኩት። መደቅ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ነው፤ መጨረሻ ሲደርስ ንግሥት አይሆንም፣ ያችኑ ደካማ ፈርዝ ነው የሚሆነው።

አውሮፓ ውስጥም ድሮ እንዲህ ነበር። ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስፔንና ጣሊያን ላይ ንግሥቲቱና ራጹ ዛሬ ያላቸውን ረጅም ጉዞ አገኙ፣ ዓለምም ያንን ተከተለ። ኢትዮጵያ አሮጌውን ይዛ ቀረች። ከነገሥታቱ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል፤ እሳቸው የነገሡት ከ1508 እስከ 1540 ነው፣ ጣሊያን ውስጥ ሕጉ ገና በተለወጠበት ዘመን። በየትኛው ሕግ ተጫወቱ ይሆን? እያልኩ አስባለሁ።

የሰንጠረዥ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፣ ወረራ ይባላል። በሻህማት አንዴ እኔ አንዴ አንተ ነው። በሰንጠረዥ ከመጀመሪያው መበላላት በፊት ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንተ ሦስት ስታንቀሳቅስ እኔ አንድ ላንቀሳቅስ እችላለሁ። ያቀረብከውን አይቼ የኔን አፈርሳለሁ፣ አንተ ደግሞ እኔን አይተህ ታስተካክላለህ። ልክ ሁለት ጦር ሜዳ ላይ ሲተያይ። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ በተራ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ይህን ስንሞክር መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እጁ ይፈጥናል። ፍጥነቱ ግን ምንም አይጠቅምም፣ ያኛው ዝም ብሎ አይቶ ይመልስልሃል። ዋናው ጥያቄ መቼ ልጀምር ነው። መጀመሪያ የበላ ሰው አንድ ጠጠር ያገኛል፣ ግን ቀጣዩ ተራ የባላጋራው ነው፤ ያልተጠበቀ ነገር ከኋላው ካለ ጉድ ፈላ። በክበቡ የሚማር አንድ ልጅ፣ አሥራ አምስት መክፈቻ በቃሉ የሚያውቅ፣ ወረራ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሲስቅ ነበር። የሸመደደው ሁሉ ተራ ላለው ጨዋታ ነዋ።

ማት ደግሞ በደረጃ ነው። በደር ወይም በፈረስ ማት ብታደርግ አሸንፈሃል፣ ግን ማንም አያጨበጭብልህም፤ የኃይለኛ ሥራ ነው ይባላል። በፊል ወይም በፈርዝ ብታደርግ ተመሰገንክ። በመደቅ ከሆነ ከሁሉ የበለጠ ነው። ንጉሡ ብቻውን ከቀረ ደግሞ ማት ማድረግ አይቻልም። ሁሉን አራግፈህ የብቻ ንጉሥ ማሳደድ ነውር ነው፤ ጨዋታው ከዚያ በፊት በወጉ ማለቅ አለበት። ስለዚህ የባላጋራህን ጦር አትጨርስም፣ ትቆጥብለታለህ። እንዲህ ያለ የጦርነት ጨዋታ ሌላ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም።

ድምፁም የተለየ ነበር። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ጠጠሮቹ ትልልቅ፣ እንደነገሩ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ነበሩ። ሲበሉ በኃይል ነው የሚመቱት። ዙሪያውን የቆመ ሰው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ እንዲህ አድርግ እንዲያ አድርግ ይላል። በክበባችን ብታስነጥስ የሚቆጣ ዳኛ አለ፤ እዚያ ራሱ መካሪው ብዙ ነው። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ እንደሚችሉ ይነገርላቸዋል፣ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1896 መቀሌ ላይ የጣሊያኖቹ ምሽግ ውኃ እንዲቆረጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ይህ ከሰንጠረዥ የመጣ ነው አልልም። ግን ጦርን ሳይመቱ መያዝ የሚያውቅ ሰው ወረራ ላይ ጥሩ እንደሚሆን መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ አባት ባለፈው ስብሰባ ያነሱትን ልመልስ። «ልጄ፣ ይህ የመሳፍንትና የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነው። እኛ አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ነበርን፤ የምንጫወተው ገበጣ ነው። ከመቼ ወዲህ የእኛ ሆነ?» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። በመንደራችን የዝሆን ጥርስ ጠጠር የነበረው ቤት አላውቅም። ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ በጠጠር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ሲመጣ ሻንጣ አልተፈቀደም፤ ገበጣ ግን መጣ፣ ምክንያቱም ጉድጓዱ በየትኛውም መሬት ላይ ይማሳል። ሰንጠረዥ ዕቃ ይፈልጋል፣ ዕቃውም የጌቶች ነበር። ስለዚህ የአያቶቼ ውርስ ነው ብዬ ለማንም አልዋሽም። ግን ስሙ በአፋችን አለ፣ ቋንቋው የእኛ ነው፣ የሚጫወተው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ባለቤት ያጣን ነገር የሚያነሳው ሰው ዘሩ አይጠየቅም። እንዲያውም አንጥረኛና እንጨት ጠራቢ የነበሩት እኛ አይደለን? ጠጠሩን ማን ይሥራው ታዲያ?

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እንደምታውቁት ማኅበሩ ለባህል ክፍሉ ትንሽ ገንዘብ አለው፣ ሁለት ሐሳብም ቀርቧል። አንደኛው የድሮ የሚመስል አንድ ሰንጠረዥ ከሻጭ ገዝተን በመስተዋት ሳጥን ውስጥ መግቢያው ላይ እናስቀምጥ የሚል ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ ጨርቅና ጥብጣብ ገዝተን ብዙ ሰሌዳ እንስፋ የሚል ነው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፣ አልደብቅም። ሰንጠረዥ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ተጫዋች ነበረው። ከዚያ በኋላ የጠፋው ዕቃ ስለጠፋ አይደለም፣ ተጫዋቹ ስላለቀ ነው። ሕጉን ዛሬ የምናውቀው እንደ ሶልትና ፕላውደን ያሉ እንግዶች ስለጻፉትና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ያንን ሁሉ ሰብስበው ስላሳተሙት ነው። በሳጥን የተቀመጠ ሰንጠረዥ ወረራን ለማንም ሊያስተምር አይችልም።

በዚያ ላይ የድሮ የሚመስለው ሁሉ የድሮ አይደለም። እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1989 ውሳኔ ወዲህ የተከለከለ ነው። ወረቀት የሌለውን ገዝተን ማኅበሩን ችግር ውስጥ አንክተት።

ምናልባት ግን ቤቱ ውስጥ አሮጌ ሰሌዳ ወይም ጠጠር ያለው ሰው ካለ፣ ከዘመድም ያገኘ ቢሆን፣ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። የቤር ሸቫን አየር ታውቁታላችሁ፣ ቀን ደረቅ፣ ሐምሲን ሲመጣ አቧራ። የዝሆን ጥርስና እንጨት በድርቀት ይሰነጠቃል፤ ማዝጋኑ ፊት ለፊት ወይም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ቀንድ ከሆነ ነፍሳት ይበሉታል፣ በየጊዜው እዩት። ቀዩ ጨርቅ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ አጥፋችሁ ሳይሆን ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ እጥፋቱ ጋ ነው የሚቀደደው። በዘይት አትወልውሉ፣ በሳሙና አትጠቡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከማን እንደመጣና የትኛው ጠጠር ምን እንደሚባል ጻፉና አብራችሁ አኑሩ። ፈርዙን ከፊሉ የሚለይ ሰው ከሞተ በኋላ ጠጠሩ ጠጠር ብቻ ነው።

ወላጆች አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፣ «ይህ ልጄን ለፈተና ይረዳዋል?» ብላችሁ። አላውቅም፣ ቃልም አልገባም። የማውቀው አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር አንድ ሰዓት ያለ ስልክ ሊቀመጥ እንደሚችል ነው፣ ምክንያቱም እሱ ከሻህማት የሚያውቀውን አያትየው አያውቁም፣ እሳቸው ደግሞ «ደር፣ መደቅ» ሲባል ትርጉሙን ቶሎ ይይዙታል። ወረራ ላይ ሁለቱም አዲስ ናቸው።

ዕቃው ውድ አይደለም። አንድ ቀይ ጨርቅ፣ ሰባት ጥብጣብ በቁመት፣ ሰባት በአግድም፣ ዳሩን መቀምቀም። ለጠጠር ቤታችሁ ያለውን ሻህማት ተጠቀሙ፤ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ራጹን ፊል አድርጓት። ሲደረደር ንጉሡ ከእያንዳንዱ ተጫዋች መሀል በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ነው፤ ስለዚህ የእናንተ ንጉሥ የባላጋራውን ፈርዝ ፊት ለፊት ያያል። የሻህማት ልጆች ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይሳሳታሉ።

አዳራሹ ውስጥ በስተግራ ሦስት ጨርቆች ተዘርግተዋል፤ እናቶቻችን ናቸው የሰፉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዳኛ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ጮክ ብሎ መምከር ይፈቀዳል። በሩ አጠገብ ደግሞ ገበጣ አለ፣ ያ አባት ቀድመው ተቀምጠውበታል። ቡናው እስኪቀርብ አንድ ወረራ ይደርሳል፤ ማን ይጀምራል?