ትከሻው ላይ ያረፈች እጅ

(በወለንጪቲ በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ሥዕል እነግራችኋለሁ። ከ400 ዓመት በፊት በአውሮፓ፣ እንደ እኛ አገር ጥንታዊ መጻሕፍት ብራና ላይ የተሣለች ናት። ሠዓሊው ዮሪስ ሆፍናገል ይባላል። ሥዕሏ የባልና ሚስት ናት። የባልየው፣ የፔትሩስ ጎንሳልቩስ ፊት በሙሉ በረጅም ጸጉር ተሸፍኗል። ሚስቱ ካትሪን እንደ ማናችንም ሴት ናት፤ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች።

ጎንሳልቩስ የቴነሪፍ ደሴት ተወላጅ ነው። ጸጉሩ አብሮት የተወለደ፣ በዘር የሚተላለፍ ነገር ነበር። በ1547 እ.ኤ.አ. ገና በልጅነቱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለዳግማዊ ሄንሪ እንደ ብርቅ ነገር ተሰጠ። በቤተ መንግሥት ላቲን ተማረ፤ ካትሪንን አገባ፤ ልጆች ወለዱ። አባታቸውን የመሰሉት ልጆችም በመሳፍንት ቤት እንደ ብርቅ ታዩ። ሥዕሏ እንኳ የገባችው ስለ ነፍሳት በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከጢንዚዛዎች ጋር ነው። እዚያ መሀል ሰው መሆኑን የምትመሰክርለት ያቺ እጅ ናት።

ይህን ያነሣሁት እኛም ዘንድ በመልኩ የሚፈረድበት ስላለ ነው። በስምጥ ሸለቋችን ጥርሱ የበለዘ ብዙ ሰው አለ። ልጃገረዶቻችን ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። አንዱ «ጥርሷን ስለማትፍቅ ነው» ይላል፤ ሌላው «የዘር ነው፣ ከዚያ ቤት አታግባ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጥርስ የሚጎዳው በሕፃንነት፣ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው፤ ስለዚህ በመፋቂያ አይለቅም። ውኃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወግደውም። መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትንም ይጎዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ደጋፊዎቻችን፣ ጉድጓድ ስታስቆፍሩልን ፍሎራይዱም ይለካልን። እናቶች፣ የተሻለ ውኃ ስናገኝ ለሕፃናቱ እናስቀድም። ለልጆቻችን ሙሽራ ስንመርጥ ደግሞ ጥርስ አንቁጠር። ካትሪን በዘር የሚተላለፈውን እያየች እጇን አላነሣችም፤ የእኛ ልጆች ጥርስ ግን የውኃ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም።