ቫኒላና የቆጠባ ገንዘባችን
(ፈረስ ቤት በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



በየስብሰባው እየተደጋገመ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከተዘዋዋሪ ብድራችን ቀንሰን ቫኒላ ብንተክልስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ኑሮን ለማሻሻል ከመጓጓት የመጣ ስለሆነ አናጣጥለውም። ገንዘቡ ግን ከእንቁላልና ከቅቤ ሽያጭ እየተቆነጠረ የተጠራቀመ ነውና መልሱን በሒሳብ እንየው።

ቫኒላ ኦርኪድ ከሚባሉት አበቦች ወገን ነው። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ሲሆን፣ በሞቃት ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ኬክ ላይ የምናውቀው መዓዛ የሚገኘው ከፍሬው ነው።

የሚተከለው በቁራጭ ነው። አንድ ሜትር ያህል የሐረግ ቁራጭ ተወስዶ፣ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ የታችኛው ክፍል ከደጋፊ ዛፍ ሥር በቅጠል ብስባሽ ይሸፈናል። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ዙሪያው አይቆፈርም። ከፀሐዩ ግማሽ ያህሉን የሚከልል ጥላ ይፈልጋል። ሐረጉ ወደ ላይ እንዳይሸሽ እጅ በሚደርስበት ቁመት እየታጠፈ ይመለሳል።

አበባ የሚሰጠው ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። አበባው ጠዋት ፈክቶ በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ከትውልድ አገሩ ውጭ ደግሞ የሰው እጅ ካላዳቀለው ፍሬ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬም የሚሠራበትን ዘዴ በ1841 እ.ኤ.አ. በሬዩኒየን ደሴት ያገኘው ኤድሞን አልቢየስ የተባለ፣ በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ነው። በቀጭን ስንጥር ወንዴውንና ሴቴውን የሚለየውን ስስ ሽፋን አንስቶ ሁለቱን በአውራ ጣቱ አገናኛቸው።

ከዚያ ፍሬው እስኪደርስ ዘጠኝ ወር ያህል ይፈጃል። እርጥቡ ፍሬ መዓዛ የለውም። በሙቅ ውኃ ተነክሮ፣ ተጠቅልሎ አልቦ፣ ቀን ፀሐይ እየሞቀ፣ ለወራት መብሰል አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እርጥብ ያስፈልጋል።

አሁን እንደምር። ሦስት ዓመት፣ ዘጠኝ ወር፣ በዚያ ላይ የማድረቂያው ወራት፤ ከአራት ዓመት በላይ ሆነ። የእኛ ብድር የሚመለሰው በአንድ ዓመት ነው።

ዋጋውንም እንይ። በ2018 እ.ኤ.አ. የማዳጋስካር ቫኒላ ኪሎው ወደ 600 ዶላር ደርሶ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን አገሪቱ 250 ዶላር የነበረውን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አነሳች፤ ገበያውም ከዚያ በታች ወረደ። በውዱ ዋጋ ተማርኮ የተከለ ሰው ፍሬውን ገበያ ያወጣው በርካሹ ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ አየሩ አለ። ቫኒላ የሚፈልገው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትና ዓመቱን አብዛኛውን የማይለየው እርጥበት ነው። በአገራችን የቫኒላ ምርምር የሚካሄድበት ቴፒ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቡሬ ከ2,000 ታልፋለች። የእኛስ? ደጋ ዳሞት ስሙ ራሱ ይናገራል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በጋው ረጅምና ደረቅ ነው። ገብስና ድንች የሚወደው አየር ለቫኒላ አይስማማም።

አንድ ነገር እንጨምር። አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዓይነቶች አሏት፤ ጥቂት የማይባሉት አሮጌ ዛፍ ላይ ይበቅላሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ላይ የሚታይ ኦርኪድ ቫኒላ አይደለም፤ ተነቅሎ ቢወሰድም ገበያ የለውም። የዱር ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ደግሞ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ባለበት ይኑር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ከብድር ገንዘባችን ለቫኒላ አንድ ብር እንዳይወጣ። ወደፊት ማንም አዲስ ተክል ይዞ ቢመጣ ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። አየራችን ይስማማዋል? የመጀመሪያው ብር በስንት ወር ይገባል? ዋጋው በግማሽ ቢወርድ ብድሩ ይመለሳል? ረጂዎቻችንም አዲስ ዘር ስታመጡልን የእነዚህን መልስ አብራችሁ እንድታመጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእኛ ቆጠባ ግን አንዴ ከፈሰሰ ተለቅሞ የሚያልቅ አይደለም።