ስለ ፌስታል መከልከል ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር

(ለጠቅላላ ስብሰባው መምጣት ያልቻላችሁ አባላት እንድታነቡት በማኅበሩ ጸሐፊ የተለጠፈ።)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የጭላሎ ነፋስ እንዴት እንደሆነ ለሳጉሬ ሰው አይነገርም። ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለምና እንዳትሸሹኝ። የምናገረው ስለ ፌስታል ነው።

እንደሚታወቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። በዚሁ አዋጅ መሠረት አንድ ጊዜ ይዘነው የምንጥለው የፕላስቲክ ከረጢት፣ ይኸውም ፌስታል፣ መመረቱም፣ ከውጭ መግባቱም፣ መሸጡም፣ መያዙም ተከልክሏል። በአምራቹና በአስመጪው ላይ ቅጣቱ እስከ 200,000 ብር ይደርሳል፤ እስራትም አለበት። ይዞ በተገኘ ሰው ላይ ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። ይህ ከተሰማ ወዲህ በየሱቁ ደጃፍ፣ በየቡናው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው እርሱ ሆነ። እኔም ጸሐፊ እንደመሆኔ የሰዉን አሳብ ስጠይቅ ሰንብቻለሁ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላቅርብ።

አንዲት ጉሊት የሚቸረችሩ እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ቲማቲም የምሸጠው በመደብ በመደብ ነው። የሚገዛኝ ሰው ከሥራው ሲመለስ ዓይኑ አርፎበት እንጂ ዘንቢል ይዞ የወጣ አይደለም። ፌስታል ከሌለኝ በምን ይይዝልኛል? በነጠላዬ ልቋጥርለት?» መልስ አጣሁላቸው። ባለሱቁም ቢሆን ለአንድ ወጥ የምትሆን ዘይት በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ ለሚሸጥለት ደንበኛ ጠርሙስ አምጣ ብሎ ቢመልሰው ሰውየው ወደ ጎረቤት ሱቅ ነው የሚሄደው። አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ፣ «2,000 ብር እኮ የስንት ቀን ጉልበቴ ነው! ፋብሪካውን ይዝጉትና እኔ ከየት አምጥቼ እይዛለሁ?» አለኝ። በበኩሌ ይኸ ንግግር እውነትነት አለው እላለሁ። የሚሠራውና የሚያስመጣው ሳይጠፋ ጉሊት ደጃፍ ቆሞ ሰው መያዝ ከጅራቱ መጀመር ነው።

ወጣቶቹ ግን ሌላ ናቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ መውረጃውን ቦይ የሚጠርጉት እነርሱ ስለሆኑ፣ ከቦዩ ምን እንደሚወጣ ያውቃሉ። «ዛሬውኑ ይጥፋ» ነው የሚሉት።

ከብት ያለው ሰው ደግሞ ብዙ አይናገርም፤ ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ በኩል እኔም የምናገረው አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጥሩ የምትታለብ ላም ነበረችኝ። ልጆቼን ያሳደገች ናት ማለት እችላለሁ። መብላት ቀነሰች፤ ማመንዠክ ተወች፤ ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ ግን ከሳ። መድኃኒት አጠጣን፤ ምንም የለም። ሳትሞት ብለን አረድናት። ጨጓራዋ ሲከፈት እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፤ ገመድም ነበረበት። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከብት ፌስታሉን የምትበላው ጨው ወይም የምግብ ሽታ ስላለበት ነው። ሣር ይፈጫል፤ ላስቲክ ግን አይፈጭም፤ እዚያው እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ይዘጋል። ታዲያ ያ ፌስታል የማን ነበር? የጎረቤቴ ነው እንዳልል ገበያ ውዬ ስመለስ የያዝኩትን ሁሉ ባለቤቴ የት ትጥለው እንደነበር አውቃለሁ። ካልጣለችውም እሳት ታያይዝበታለች፤ ጢሱን ልጆቹ ይምጉታል።

አንዳንዱ ሰው አዋጁ አዲስ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ገና በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ተደንግጎ ነበር። እኛ ግን ያን ስስ ፌስታል ከዚያም በኋላ ስንይዝ ኖረናል። ለመሆኑ 0.03 ሚሊ ሜትርን በጣቱ ዳስሶ የሚለይ ባለሱቅ ማን ነው? ኬንያም አስቀድማ በውፍረት ለይታ ሞክራ አልሆነላትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ ግን ስሱን ከወፍራሙ ሳትለይ ከለከለች፤ ቅጣቱም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ነው። ሩዋንዳ በ2008 ቀድማታለች። ባንግላዴሽ ከሁሉም በፊት በ2002 ያገደችው ጎርፍ ሲመጣ ፌስታል ውኃ መውረጃዋን እየደፈነ ስላስቸገራት ነው። የእኛ ቦይ የልጆቻችንን ጉልበት በየክረምቱ ከሚፈጅበት ነገር የተለየ አይደለም።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ሕግ አልተረጉምም። ግን በልጅነታችን ስኳር በካኪ ወረቀት ይጠቀለል ነበር፤ ቅቤ በቅጠል ይመጣ ነበር፤ እናቶቻችን ያለ ዘንቢል ገበያ አይወጡም፤ እህሉም በስልቻና በአቁማዳ ነበር። ሁሉም ነገር ይመለስ አልልም። ስልቻ የሚያለፋ ሰውም አሁን በቀላሉ አይገኝም። አሁን ደግሞ ጨርቅ መስሎ የሚሸጠው ከረጢት መጥቷል፤ አብዛኛው እርሱም የላስቲክ ዘር ነው፤ ማዳበሪያውም እንደዚያው። ልዩነቱ ማዳበሪያ ዓመት ያገለግላል፤ ፌስታል ግን ዕድሜው ከሱቅ እስከ ቤት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት የማኅበራችንን የወጪ መዝገብ ገለጥሁ። በየለቅሶው ከዳቦና ከንፍሮ ጎን ምን ተጽፏል? «ፌስታል»። በበዓል ጊዜ ለአቅመ ደካሞች ዱቄትና ስኳር ስናድልም «ፌስታል»። የጻፍሁት እኔ፣ የፈረመው ሊቀ መንበሩ፣ ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ስለ መንግሥትና ስለ ፋብሪካ ስናወራ የሰነበትነው በማኅበር ገንዘብ ፌስታል እየገዛን ነው።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርበናል። በለቅሶ ቤት ንፍሮና ዳቦ እንደ ድሮው በሰፌድ ይዙር፤ ተቋጥሮ አይሰጥ። ለአቅመ ደካሞች የሚታደለው በአቡጀዲ ከረጢት ይሁን፤ ከረጢቱን የስፌት መኪና ያላቸው አባሎቻችን ቢሰፉት ገንዘቡ ከሰፈር አይወጣም። ለጉሊት ነጋዴ እናቶች ደግሞ ማኅበሩ የቃጫ ዘንቢል ገዝቶ በዱቤ ይስጥ፤ ደንበኛ በመያዣ ወስዶ ይመልስላቸው። ይህ ሦስተኛው ይሠራ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ዘንቢሉ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ዕዳው በማን ላይ ይውደቅ? በስብሰባው ብዙ ያከራከረን እርሱ ነው፤ አንድ አባታችንም «ለቀስተኛ ባዶ እጁን ይመለስ?» ብለው ተቆጥተዋል።

ነገሩ ስላላለቀ የሚቀጥለው እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ድምፅ እንሰጥበታለን። የወጪ መዝገቡ ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ገልጦ ማየት ይችላል።