ከሐይቅ ሥር የገባው የባቡር መንገድ



ዛሬ የማወራችሁ በዌልስ አገር ስላለ አንድ የተተወ የባቡር መንገድ ነው። ነገሩ መቃብርን ስለሚነካ እኛንም ይመለከተናል። ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መንገዱ ከባላ ከተማ ተነስቶ ወደ ፌስቲንዮግ የሚሄድ ሲሆን በ1882 ተከፈተ። በኋላ የሊቨርፑል ከተማ የሚጠጣ ውኃ ፈለገችና፣ የዌልስ እንደራሴዎች አብዛኞቹ ቢቃወሙም፣ በ1957 ሸለቆው እንዲገደብ በለንደን ሕግ ወጣ። የሰው ባቡር በ1960፣ የዕቃው በ1961 ቆመ። ግድቡ በ1965 ሲመረቅ ካፔል ኬሊን የምትባል መንደር ከነጸሎት ቤቷ፣ ከነትምህርት ቤቷ ሰጥማለች።

ዛሬ በዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው በከም ፕሪሶር ዘጠኝ ቅስት ያለውን የድንጋይ ድልድይ እንደቆመ ያገኘዋል። ሐዲዱ ተነቅሏል፤ የተደለደለው መሬት ግን ይታያል። ወደ ባላ ሲጠጋ መንገዱ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

መቃብሩስ? የአንዳንዶቹ አፅም ወጥቶ ሌላ ቦታ አረፈ። የቀሩት እዚያው ሆነው በላያቸው ኮንክሪት ፈሰሰ። የሊቨርፑል ምክር ቤት ይቅርታ የጠየቀው በ2005 ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ሥራ የፈጀሁ ሰው ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ቀብር በወጣን ቁጥር የሟቹ ስም፣ የተቀበረበት ቦታና የቅርብ ዘመዱ በዕድሩ መዝገብ ይጻፍ። ነገ መሬቱ ለሌላ ሥራ ቢፈለግ፣ «የእኛ ሰው እዚህ አለ» የሚል አይጥፋ።