የእስፓንኛን ቋንቋና ባህል ለሕፃናት ስለ ማስተማር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም የእስፓንኛን ቋንቋና ባህል ለአንደኛ ደረጃ ሕፃናት ስለ ማስተማር ነው። «ጥሊሊ የት፤ እስፓኝ የት!» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሰከላ የሄደ ሁሉ ግሽ ዓባይን ያውቃል። በዚያ ምንጭ አጠገብ በ1610 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1618) ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ የእስፓኝ ተወላጅ ቆሞ ነበር።

ይህ ሰው የመጣበት የሃይማኖት ጉዳይ በኋላ በአገራችን ብዙ ደም አፋስሷል። እርሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች ትቼ የማስተማር ዘዴውን ብቻ ላንሣ። ፓኤዝ ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ሲቀመጥ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ የትምህርቱንም መጽሐፍ በአማርኛ አስተርጕሞ ሕፃናቱን በጥያቄና በመልስ አስጠናቸው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1604 አፄ ዘድንግል ባስጠሩት ጊዜም ከተማሮቹ ሁለት ልጆች አስከትሎ ቀረበ። ልብ በሉ፤ ሕፃናቱን ያስተማረው በእስፓንኛ አልነበረም፤ መምህሩ አስቀድሞ የተማሮቹን ቋንቋ ተማረ እንጂ።

ከዚያ በኋላ እስፓንኛ ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር በብዛት የተገናኘው በእስፓኝ ሳይሆን በኩባ ነው። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተደረገው የሶማሊያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከእኛ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው ነበር፤ በአዲስ አበባ የትግላችን ሐውልት መታሰቢያቸው ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ልጆች፥ ይልቁንም አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁባቸው፥ ባሕር ተሻግረው የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው የኩባ ደሴት ተላኩ። ግማሹን ቀን ይማሩ፥ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ተክሎች እርሻ ይሠሩ ነበር። የሞዛምቢክ፣ የአንጎላና የናሚቢያ ልጆችም በዚያች ደሴት ነበሩ። እስፓንኛ የሁሉም መገናኛ ሆነ። የሚያስመሰግነው ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ የየአገሩን ቋንቋ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ መምህራን ከየአገሩ አብረው ሄደው ነበር። ኩባዎች እስፓንኛን ለማስተማር ሲሉ የልጁን ቋንቋ መንቀል አላስፈለጋቸውም። ከልጆቹም ብዙዎቹ ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ፊደል ለቈጠረ ልጅ እስፓንኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይቀለዋል፤ ከጥቂት ፊደላት በቀር የሚነበበው እንደ ተጻፈ ነውና። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ከእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ጋር ይቀራረባሉ። የእኛ ግዕዝና ሳድስ ግን በዚያ ስለሌሉ ሕፃኑ እንዳያስገባቸው መምህሩ መጠንቀቅ አለበት። «ኘ» ብለን የምንጠራው ድምፅም አላቸው። አጻጻፉ የሚያስደንቅ ነው፤ እኛ በ«ነ» ራስ ላይ ጭረት ጨምረን «ኘ» እንደምንል እነርሱም በራሳቸው «ነ» ላይ ጭረት ያደርጉበታል። ደግሞ እኛ «ስፖርት» ማለት ከብዶን «እስፖርት» እንደምንል፥ እነርሱም ትምህርት ቤትን «እስኩዌላ» ይላሉ። «አብሎ» ካሉ «እናገራለሁ» ማለት ነው፤ «እኔ» ማለት አያስፈልግም፥ እንደ አማርኛችን በግሡ ውስጥ አለ። «አንተ»ና «እርስዎ»ን የሚለይ አነጋገርም አላቸው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ማክበርን ቤቱ የተማረ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ባህሉንም እንዲሁ ከምናውቀው መጀመር ይሻላል። የእስፓኝ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ የእኛም እናቶች አይለውጡም። ልዩነቱ የእስፓኝ ልጅ የአባቱንም የእናቱንም የቤተ ሰብ ስም መያዙ ነው፤ ይህን ለክፍል ልጆች ብትነግሯቸው ምን ያህል እንደሚከራከሩ ገምቱ! ደግሞ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሕፃን «ካባዮ» ፈረስ፥ «ካባዬሮ» ፈረሰኛ መሆኑን አንድ ጊዜ ቢሰማ አይረሳውም። «ካባዬሮ» ጨዋ ሰው ማለትም ነው። ለምን እንዲህ እንደ ሆነ የሰባት ቤት አገው ልጅ ራሱ ያስረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ ተነሥቶ፥ «ልጄ አዊኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ ተሸክሟል፤ አራተኛ ለምን ትጭኑበታላችሁ?» ቢለኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዞናችን ሕፃናት ትምህርታቸውን በአዊኛ የሚጀምሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። «አዊኛን ከእናቱ ያውቀዋል፤ ለምን ጊዜ ያጠፋበታል?» የሚሉ ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። እኔ ከእነዚህ ጋር አልስማማም። በቤቱ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ልጅ ሁለተኛውን ፊደልና ሁለተኛውን ሰዋስው ሲያገኝ የሚያመሳክርበት አለው፤ ያላነበበው ግን ሁሉን በጆሮው ብቻ ይከተላል። ስለዚህ እስፓንኛው የአዊኛውን ክፍለ ጊዜ የሚሻማ ከሆነ ይቅር እላለሁ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይወሰድበት።

የምጠይቀው በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት ውጭ፥ ያለ ፈተናና ያለ ማርክ፥ ሰላምታ፣ መዝሙርና የነገሮች ስም የሚማሩበት ክበብ ነው። እስፓንኛ ከሃያ የማያንሱ መንግሥታት ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል።

መምህር ከየት ይገኛል ለሚለው፥ ያን ጊዜ ወደ ኩባ የሄዱት ሕፃናት ዛሬ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆነዋል፤ ቋንቋውን በሕፃንነት እንዴት እንደ ተማሩት የሚያስታውሱ እነርሱ ናቸው፥ ጡረታቸውም ቀርቧል። በእንጅባራ፣ በዳንግላ ወይም በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሰው የምታውቁ ወላጆች ካላችሁ፥ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስሙን ለክፍል ኀላፊዎቻችን እንድትሰጡልን በትሕትና እለምናለሁ።