የክረምት ተረት ለታናናሾቻችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የቤተ መጻሕፍት ማኅበር አባሎች ያሰሙት ንግግር)



 ልንናገር ያሰብነው ፊደል በመቁጠር ላይ ላሉና ገና ላልጀመሩ ሕፃናት በክረምት ወራት ተረት የምናሰማበትን ሰዓት እንዴት እንዳሰናዳን፣ የት ላይ እንደ ተሳሳትንና ከእናንተም ምን እንደምንለምን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ቸል የሚባል አይደለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሕፃኑ ይዞት የወጣውን ፊደል በመስከረም ይዞት ላይመለስ ይችላልና።

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በትምህርት መዝጊያ ወራት ለልጆች የንባብና የተረት ሰዓት ማዘጋጀት የቆየ ልማዳቸው ነው። በአገራችንም ቢሆን ሥራው እንግዳ አይደለም። አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም የምናውቃቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ በስደት አሜሪካ ገብተው፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ በተባለው ሰፈር ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ኋላም በሐዋሳ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍትን ልጆች ወዳሉበት አደረሱ። ስደተኛ የነበረ ሰው ይዞት የተመለሰው ሀብት የልጆች መጽሐፍ መሆኑ ለእኛ ለጀዊ ልጆች ልዩ ትርጉም አለው።

እንደምታውቁት ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጀዊ መጠለያ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከተሰደዱት ወገኖች ብዙዎቹ አስቀድሞ ሌይቹዎር በተባለው መጠለያ ሰፍረው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ግን ሌይቹዎርን ጎርፍ ስላጥለቀለቀው ሰፋሪው ወደ ጀዊ ተዛወረ። ከማኅበራችን አባሎች አንዳንዶቻችን ያን ጊዜ በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን ውሃውን የተሻገርን ነን። ሌሎቻችን የጋምቤላ ከተማና የአካባቢው ቀበሌ ልጆች ነን። በማኅበራችን ኑዌርኛ፣ አኙዋክኛና አማርኛ ይነገራል።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ለመጀመሪያው የተረት ቀን በስጦታ ከተገኙት መጻሕፍት ውስጥ ሥዕላቸው ደማቅ የሆነውን ሁለት መረጥን። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የትምህርት መዝጊያ ማለት ፀሐይ፣ የባሕር ዳር አሸዋና አይስ ክሬም ነው። በእኛ አገር ግን ሐምሌ ማለት ጭቃ፣ የሞላ ባሮና የበቆሎ እሸት ነው። አንዱ ጓደኛችን እንግሊዝኛውን እያነበበ ሌላው በአማርኛ ይተረጉም ጀመር። ልጆቹ እጃቸውን አጣምረው ጸጥ አሉ። እኛም ጸጥታውን ጨዋነት መስሎን ደስ አለን። ወዲያው ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው የአንባቢው ድምፅ ጠፋ፤ ልጆቹም ጭቃ ለመርገጥ እየተሯሯጡ ወጡ። ከእነርሱ ይልቅ የደነገጥነው እኛ ነበርን። ሕፃናቱ በጀዊ የተወለዱ ናቸውና ዝናብ ለእነርሱ ጨዋታ ነው፤ ከእኛ ለአንዳንዶቻችን ግን ሌይቹዎር ነው።

ከዚህ የተነሣ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ብርቱ ክርክር ሆነ። ግማሾቻችን «ስለ ዝናብና ስለ ጎርፍ ፈጽሞ አናውራ፤ ያሳለፍነው ይበቃል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ክረምትን ትቶ የክረምት ተረት እንዴት ይሆናል?» አልን። መስማማት ስላቃተን አንዲት አረጋዊት ጎረቤታችንን ለመጠየቅ ሄድን። እማማም ሳቁና «ሕፃናቱ ምን ልትሰሙ ትወዳላችሁ ተብለው ተጠይቀዋል ወይ?» አሉን። አልጠየቅናቸውም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እኒሁ እናት ራሳቸው መጥተው ከኑዌር የቆዩ ተረቶች አንዱን በኑዌርኛ አወሩ። በጥንት ዘመን ሰማይና ምድር በገመድ የተያያዙ ነበሩ፤ ሰው ሲያረጅ በገመዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ እንደገና ወጣት ሆኖ ይመለስ ነበር፤ በኋላ ግን ጅብ ገመዱን ስለ ቆረጠው ሰው ሟች ሆነ ይላል ተረቱ። እኛ ይህን ስንሰማ ተጨነቅን፤ ከልጆቹ መካከል አባታቸውን በጦርነት ያጡ አሉና። እማማን ቀስ ብለን ብንጠይቃቸው «ሞትንማ ሰምተውታል። ያልሰሙት ድሮም ሰው ስለ እርሱ እያወራ አብሮ ይቀመጥ እንደ ነበረ ነው» ብለው መለሱልን።

ልጆቹስ ምን አሉ? ባለፈው ሳምንት አፋቸውን የዘጉት ሁሉ አሁን አንዱ በአንዱ ላይ ይጮኹ ጀመር። «ገመዱ ከምን የተሠራ ነው?» «ጅቡ ለምን አልወደቀም?» «ላምስ በገመዱ መውጣት ትችል ነበር ወይ?» ይህን ሁሉ በኑዌርኛ ጠየቁ። እኛም ተረቱን አሳጥረን በአማርኛ ስንደግመው «ገመድ»ና «ጅብ» የሚሉትን ቃላት ሳናስተምራቸው ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት ከሣር ገመድ እየገመዱ መጡ።

ከዚህ ከተማርነው በመነሣት ለመጪው ክረምት የሚከተለውን ሥርዓት አውጥተናል።

አንደኛ፤ ጊዜው ቅዳሜ ጧት ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይሆናል። ማታ የወባ ትንኝ የሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ ሕፃናትን ማታ አንሰበስብም።

ሁለተኛ፤ ልጆቹ በሰሌን ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። መጽሐፍ የሚያሳየው ሰው የበሩን ብርሃን ከኋላው አያደርግም፤ ብርሃኑ በሥዕሉ ላይ እንዲወድቅ ነው።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ እንቆቅልሽ፣ ቀጥሎ ተረት፣ ከዚያ የእጅ ሥራ ወይም ሥዕል ይሆናል። ተረቱ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። በመጨረሻ ልጁ አንድ መጽሐፍ መርጦ ይዋሳል፤ ዝናብ እንዳያበላሸውም በላስቲክ ጠቅልለን እንሰጠዋለን።

አራተኛ፤ ተረቱ በመጀመሪያ በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይነገራል። አንድ ሳምንት ኑዌርኛ፣ አንድ ሳምንት አኙዋክኛ ይቀድማል። አማርኛውም ሲነገር እንደ ወጉ «ተረት ተረት» እንላለን፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ኑዌሮች የላሙን በረት ሉዋክ ይሉታልና፣ ከብት አርቢ ቤተ ሰብ ለሆነ ልጅ ይህ መልስ ከቤቱ የመጣ ያህል ነው።

አምስተኛ፤ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ከዝናብ ጋር በድምፅ አንታገልም። ተረቱን አቁመን በእጅ ምልክት የእንስሳት ጨዋታ እንጫወታለን፤ ዝናቡ ሲያባራ ከቆምንበት እንቀጥላለን።

ስድስተኛ፤ ያለቀሰ ወይም የፈራ ልጅ አይገደድም። ታላቅ እኅቱ ወይም ወንድሙ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ተረት ነጋሪው ራሱ ቢፈራም ጓደኛው ይተካዋል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ከእናቱ ወይም ከአያቱ የሰማው አንድ ተረት የሌለው ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። በክረምቱ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ያንን አንዱን ስጡን። ማንበብ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ፤ እናንተ ስትናገሩ የምንጽፈው እኛ ነን። መምህሮቻችንም የጻፍነውን እንድታርሙልን፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሁለቱ ቋንቋ ጽሑፍ ጎን ለጎን እንዲሆን እንድትረዱን እንለምናለን። ልጆቹ ሥዕሉን ሲሥሉበት የክረምቱ ተረቶች በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ሆነው በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ መደርደሪያችን ላይ ከሩቅ አገር የመጡ መልካም መጻሕፍት አሉና እነርሱንም እናነባለን፤ ባሕርንና አሸዋንም ለልጆቹ እናሳያለን። ነገር ግን ሕፃኑ የሌላውን አገር ክረምት ከማወቁ በፊት የራሱ ክረምት በመጽሐፍ ተጽፎ ሊያይ ይገባዋል። እኛ በሌይቹዎር ውሃው ሲገባ ያወራልን ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሸክሙን ይዞ ይሮጥ ነበርና አንፈርድም። ዛሬ ግን የተቀመጥንበት ምድር ደረቅ ነው፤ እኛም አድገናል። ታናናሾቻችን ዝናብ ሲሰሙ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያወራላቸው ሰው እንዳያጡ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት በተዘጋ በማግሥቱ ሳምንት ነው። ሰሌን ያለው ሰሌን፣ ተረት ያለው ተረት ይዞ እንዲመጣ እየጋበዝን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።