ቀብርን የሚወስነው ማን ነው?
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ)



ዛሬ የማነሣው ነገር ለጆሮ አይጥምም። ግን ባለፈው የገጠመንን ሁላችሁም አይታችኋል። እዚሁ ምን አለሽ ተራ ብረት ሲያቃና የኖረው ወንድማችን ሲያርፍ ባለቤቱ «እዚሁ ቅበሩኝ ብሎኛል» አለች። ወንድሞቹ ደግሞ ከአገር ቤት መኪና ተከራይተው መጡና «አባቱ አጠገብ ነው የሚያርፈው» አሉ። ጡሩንባው ተነፍቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሬሳው ከጧት እስከ ማታ ቤት ውስጥ ዋለ። ለቀስተኛውም ሁለት ቦታ ተከፈለ። እኛ የቀብሩን ገንዘብ ይዘን ለማን እንስጥ ብለን ቆመን ቀረን። በኋላ ሽማግሌ ገብቶ በማግስቱ እዚሁ ተቀበረ፤ ወንድሞቹ ግን ሰልስት ሳይውሉ ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ የሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁ፣ ያልገባኝንም እያስነበብኩ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው በሕይወት ሳለ የቀብሩን ነገር ራሱ መወሰን ይችላል ይላል። እንግዲህ ቀዳሚው የሟቹ ቃል ነው። ሳይናገር የሞተ እንደሆነ ነው ነገሩ ወደ ቅርብ ሰዎቹ የሚሄደው። የዚያ ወንድማችን ቃል ግን ከሚስቱ በቀር የሰማው አልነበረም፤ ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በዕለቱ ስለሚቀብሩ ለመከራከሪያ የሚሆን ጊዜም የላቸው።

ሌላም አለ። የቀብር ወጪ ከሟቹ ንብረት ላይ ከሌላው ዕዳ ቀድሞ ይከፈላል፤ ያውም እንደ ሟቹ ኑሮ ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ተዝካርን ሕጉ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። ስለዚህ ለተዝካር ተበድሮ በሬ የሚጥል ሰው ዕዳው በልጆቹ አንገት እንዳይገባ ያስብበት። (ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።)

ሣጥን ይዞ መጓተትም ነውር ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀብር ማወክን፣ መቃብር መድፈርን፣ የሬሳን ክብር መንካትን ያስቀጣል። በአደጋ ወይም ባልታወቀ ምክንያት የሞተ ሲያጋጥመንም ፖሊስ ሳያይ ሬሳውን አንነካካ።

ሳይቀበሩ መቅረት ምን እንደሆነ አገራችን ታውቀዋለች። ጃንሆይ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ፤ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። ሃያ አምስት ዓመት! የስንቱ ልጅ አፅም እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሞትን ማስመዝገብም አትርሱ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት ሳይያዝ ውርስ ማሳወጅም ሆነ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት መከራ ነው።

ኮሚቴው ያሰበው ይህ ነው። በአባላት መዝገብ ከየስሙ ጎን የት መቀበር እንደሚፈልግና ማን እንዲያዝበት እንደሚሻ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ሐሳቡን የለወጠ መጥቶ ያሰርዛል። መዝገቡ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ ይገኛል። መጻፍ የማይችል ጣቱን ያትማል። የእኔንና የባለቤቴን አስቀድሜ ጽፌአለሁ፤ አንድ ቦታ ለመስማማት ሦስት ቀን ፈጀብን።